ሥጋ ደዌ ምንድን ነው? ጣት የሚቆርጥ በሽታ አይደለም

ሰሞኑን በሬዲዮ አንድ ተንታኝ ስለ ሙስና ሲያወራ «ሙስና የሀገር ሥጋ ደዌ ነው፤ ጣቷን አንድ በአንድ እየቆረጠ ይጥለዋል» አለ። አዘጋጁ «ጥሩ አገላለጽ ነው» ብሎ ወደ ሌላ ጥያቄ ሄደ። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። ከዚህ በፊት ዘረኝነትም፣ ሌብነትም፣ ስንፍናም ሥጋ ደዌ ሲባሉ ሰምቻለሁ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሥራዬ በሽታው የጎዳውን እጅና እግር ማፍታታትና ማንቀሳቀስ ነው። ታካሚዎቼም ሬዲዮ ይሰማሉ። ማታ ከልጆቻቸው ጋር ቁጭ ብለው ይሰማሉ።

ሥጋ ደዌ ጣት አይቆርጥም። ሥጋም አይበላም። ስሙ ራሱ አሳስቶናል። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ቆዳ ላይ ምልክት ያሳያል እንጂ ዋናው ጉዳቱ ነርቭ ላይ ነው። ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ስለሚመቸው ቆዳን፣ አፍንጫንና ከቆዳ ሥር ቀረብ ብለው የሚያልፉ ነርቮችን ይመርጣል። ክርናችሁ ከጠረጴዛ ጋር ሲጋጭ እስከ ትንሿ ጣታችሁ ድረስ የሚነዝራችሁን ታውቁታላችሁ? ከሚጎዱት ነርቮች አንዱ እሱ ነው። እሱ ሲጎዳ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ይደነዝዛሉ፤ ሲቆይም ይኮራመታሉ። ጣቶቹ ግን እዚያው ናቸው።

ታዲያ የጠፉት የት ሄዱ?

ሕመም ዘበኛ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ግቢውን ይዞራል። እሳት ሲጠጋ ይጮኻል፣ እሾህ ሲገባ ይጮኻል፣ ጫማ ሲጠብም ይጮኻል። ጩኸቱ ስለሚያሰለቸን እንጠላዋለን። ሥጋ ደዌ ወደ ቤቱ ሲገባ ግን ዕቃ አይነካም። ዘበኛውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ቤቱን የሚዘርፉት ከዚያ በኋላ የሚመጡት ናቸው፤ ፍም፣ ምጣድ፣ ምስማር፣ ድንጋይ። ጠዋት ጎረቤት ተሰብስቦ «ቤቱ በራሱ ፈረሰ» ይላል።

አንዲት የምከታተላቸው እናት አሉ። እማማ ነው የምላቸው። አንድ ቀን መዳፋቸው ተልጦ መጡ። ቡና አፍልተው ጀበናውን ከፍሙ ላይ ያለ ጨርቅ ማንሳታቸው ነው። «መቼ አወቁ?» አልኳቸው። «ሸተተኝ፣ ልጄ» አሉ። «በጾም ማነው ሥጋ የሚጠብሰው ብዬ ዞር ዞር አልኩ።» የሚቃጠለው የራሳቸው እጅ ነበር። ጀበናው አሁንም እጃቸው ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ቃጠሎ የደረሰብን እኔና እናንተ እጃችንን ሳምንት ሙሉ አቅፈን እንከርም ነበር። ያማላ። እሳቸው ግን በነጋታው ልብስ አጠቡበት። ቁስሉ አመረቀዘ። ማመርቀዝ ሲደጋገም አጥንት ጋ ይደርሳል። የተጎዳ አጥንት ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ ጣቱም ያጥራል። አይወድቅም፤ ያጥራል። ዓመታት የሚፈጅ ነገር ነው፤ በየዓመቱም ሊቆም ይችል ነበር። ቀዶ ጠጋኙ ፖል ብራንድ ደቡብ ሕንድ ውስጥ ቬሎር በምትባል ከተማ ከታካሚዎቹ ጋር እየዋለ ያሳየው ይህንኑ ነው። ጣት የሚያጠፋው ሳይታወቅ የሚደጋገም ጉዳት እንጂ «የሚበሰብስ ሥጋ» አይደለም።

እዚህ ላይ ሐቁን ለመናገር፣ በሽታው በጣም በበረታበት ሰው ላይ ባክቴሪያው ራሱ የአፍንጫን የውስጥ ክፍል ይጎዳል። የአፍንጫ መጎድጎድ በአብዛኛው ከዚያ ነው። ስለዚህ «ባክቴሪያው ምንም አያደርግም» አላልኩም። ስለ እጅና እግር ነው የማወራው።

አንድ ሌላ መደበላለቅም አለ። በመጽሐፍ ቅዱስ «ለምጽ» የሚለው ቃል ብዙ ዓይነት የቆዳ ችግርን ያጠቃልላል። ዛሬ ደግሞ ቆዳው ወተት መስሎ የነጣ ሰው ስናይ «ለምጽ አለበት» እንላለን። ያ ሌላ ነገር ነው፤ አይተላለፍም፣ ስሜትም አያጠፋም። የሥጋ ደዌ ምልክት እንደ ወተት አይነጣም። ከቆዳው ገርጣ ወይም ቀላ ይላል። ዓይን አስጨፍናችሁ በጥጥ ጫፍ ስትነኩት ብዙ ጊዜ ሰውየው «ነካኸኝ» አይልም።

ወደ ዘበኛው ልመለስ። ባክቴሪያውን ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሀንሰን ያገኘው በፈረንጆቹ 1873 ነው። ከ1981 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የተቀናጀ መድኃኒት አለ። እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፤ በነጻ ነው የሚሰጠው። ሰውየው መድኃኒቱን ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፉ ይቆማል። አብዛኛው ሰው ደግሞ ከተፈጥሮው በሽታውን የሚቋቋም ስለሆነ፣ አብሮ መብላትና እጅ መጨባበጥ የሚያስፈራ አልነበረም። ግን መድኃኒቱ ሌባውን ያባርራል እንጂ የሄደውን ዘበኛ ሁልጊዜ አይመልስም። ነርቭ መጎዳት ከጀመረ 6 ወር ሳይሞላ ከተደረሰበት በሌላ መድኃኒት የሚመለስበት ዕድል አለ። ከዘገየ ግን የቤቱ ባለቤት ራሱ ባትሪ ይዞ በየማታው ግቢውን መዞር አለበት። እግርን ውሃ ውስጥ ማቆየት፣ ቫዝሊን መቀባት፣ የውስጥ እግርን በመስታወት ማየት፣ ጫማን ከማድረግ በፊት በእጅ መፈተሽ። እጁም ከደነዘዘ ሌላ ሰው ይፈትሽለት። ቀኑን ሙሉ ምስማር ላይ ቆሞ የዋለ ሰው አክሜያለሁ። ማታ ጫማው አልወልቅ ሲለው ነው የገባው።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፤ ክሊኒክ ውስጥ በየቀኑ የምናየው ነው። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ቆዳን ያጠቁራል፤ ሌላው ሽንትን ቀይ ያደርጋል። ሽንቱ ያስደነግጣል እንጂ ያልፋል። ጥቁረቱ ግን መንደር ያያል። «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የጠቆርከው?» የሚለውን ጥያቄ ፈርተው መድኃኒት ያቋረጡ አሉ። በሕክምናው መሃል ወይም ካበቃ በኋላ ደግሞ ሰውነት የሞተውን ባክቴሪያ ሲዋጋ ቆዳና ነርቭ በድንገት ሊያብጡ ይችላሉ። ቤተሰብ «መድኃኒቱ አባሰበት» ይላል። ያኔ መድኃኒት ማቆም ሳይሆን በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው የሚያስፈልገው።

አሁን ተንታኙ ሰምቶኝ ቢሆን የሚለኝን አውቃለሁ። «እኔ ስለ ሙስና ነው ያወራሁት፤ ምሳሌ ነው።» ገብቶኛል። ግን ምሳሌው ምን እንደሚሠራ ልንገረው። ሰው ቆዳው ላይ የማይሰማው ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ሐኪም አይደለም። ያንን ቃል ነው የሚያስበው። ከሌብነትና ከእርግማን ጋር አብሮ ሲነሳ የሰማውን ቃል። ነጠላውን አጥብቆ ይለብሳል። ከለቅሶ ቤት ይቀራል፤ ከማኅበር ይወጣል። «ለልጄ ጋብቻ መሰናክል እሆናለሁ» ብሎ ጓዳ ውስጥ ይቀመጣል። በሽታው እስኪታይ ብዙ ጊዜ ዓመታት ይፈጃል፤ መደበቁ ሌላ ዓመታት ይጨምራል። እኔ ጋ ሲደርስ እጁ ተኮራምቷል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። ለሕመምተኛው እየተነገረ ያደግንበት ተረት ነው። እስቲ ለምን እንደደበቀ እንጠይቅ። የነገረው ሰው ምን ሆነ? ዋንጫ ተለየበት፣ መኝታ ተለየበት፣ ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ ብቻዋን ተቀመጠች። ይህን ያየ ጎረቤት የራሱን ምልክት ያሳያል?

በፈረንጆቹ 1965 አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል አዲስ አበባ ላይ ሲቋቋም ቦታው የተመረጠው ቀድሞ በነበረው የዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል አጠገብ ነው። ከየገጠሩ ለሕክምና የመጡ ሰዎች ከታከሙ በኋላ ወደ ቀያቸው መመለስ አልቻሉም። እዚያው አካባቢ ጎጆ ቀለሱ፤ ተጋቡ፤ ወለዱ። ልጆቻቸው በበሽታው ባይያዙም፣ ሥራ ሲጠይቁ ሰፈራቸውን ሌላ ቦታ አድርገው የሚናገሩ ወጣቶች አግኝቻለሁ። ይህን በባክቴሪያው ማሳበብ አይቻልም።

ዘበኛ የሌለው ቤት ጎረቤት ካለው ይተርፋል። «ኧረ ጢስ ይታየኛል!» ብሎ የሚጣራ አንድ ሰው ይበቃዋል። ብቻውን የሚኖር ሰው ግን እግሩ ሲደማ ማን ይነግረዋል? እኔ በሥራዬ እንዳየሁት ቁስላቸው ቶሎ የሚድነው ቤታቸው ሰው ያለባቸው ናቸው። ይህ የራሴ ትዝብት ነው፤ ከቆጠራ የመጣ አይደለም።

እማማ እጃቸው ከዳነ በኋላ ጀበናቸው ላይ ወፍራም ጨርቅ ሰፋንላቸው። ጨርቁ ረዳቸው። ይበልጥ የረዳቸው ግን የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ስድስተኛ ክፍል ናት መሰለኝ። ማታ ማታ የቤት ሥራዋን ይዛ እሳቸው ጋ ትመጣለች። ጀበናውን ከፍሙ ላይ የምታወርደው እሷ ናት። ከዚያ እግራቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ በስልክ መብራት በጣቶቻቸው መሃል ትፈልጋለች። ባለፈው አብራቸው መጥታ ነበር። «ተረከዛቸው ላይ ስንጥቅ አለ፤ ትናንት አልነበረም» አለችኝ። እኔ ለማየት መነጽሬን ማድረግ ነበረብኝ።