የማሪታይም ኢኖቬሽን ማስተርስ ምንድን ነው?

ፍኖተ ሰላም አክስቴ ቤት ነን። ቡናው ቶና ደርሷል። የአክስቴ ልጅ ከመርከብ ከወረደ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ዘጠኝ ወር ሞተር ክፍል ውስጥ ከርሞ ነው የመጣው። "እማዬ፣ ማስተርስ ልጀምር ነው" አላት። አክስቴ ጀበናውን አስቀምጣ ቀና አለች። "ኧረ ልጄ! ኢንጂነር ሆንህ፤ መኮንን ሆንህ። አሁን ምን ቀረህ? ደግሞስ ባሕር ላይ ትምህርት ቤት አለ እንዴ?"

ይህን ጥያቄ ከሌሎችም ሰምቼዋለሁ። ከጎጃም መካኒካል ወይም ኤሌክትሪካል ተምረው መርከብ ላይ የወጡ እኔ ብቻ እንኳ አራት ልጆች አውቃለሁ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ የኢንጂነሪንግ ምሩቃንን ተቀብሎ ለመርከብ መኮንንነት ያዘጋጃል። ስለዚህ "እገሌ ማሪታይም ገባ" ሲባል ብዙ ቤት ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ትምህርት ግን የሚያስረዳ ሰው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማሪታይም ኢኖቬሽን ማስተርስ ማለት ሥራ ላይ ያለ መርከበኛ ሥራውን ሳይለቅ የሚማረው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ነው። የሚያጠናው ደግሞ የመርከብ ሥራ እንዴት እንደሚሻሻል ነው። ነዳጁ፣ ማሽኑ፣ ዳታው፣ የሰው ድካሙ፣ ሁሉም ውስጡ አለ። ተማሪው ችግሩን ከመጽሐፍ አይፈልግም። በየቀኑ ከሚሠራበት ቦታ ነቅሶ ያመጣዋል።

ኢኖቬሽንን "ፈጠራ" ብለን ስንተረጉመው ትንሽ ያሳስተናል። ፈጠራ ስንል ከዚህ በፊት ያልነበረ ዕቃ ነው የሚታየን። እዚህ ግን ብዙውን ጊዜ አዲስ ዕቃ የለም። ያለው አሠራር የት ላይ እንደሚያነክስ ማየት፣ መለካት፣ አንድ ነገር ለውጦ መሞከር፣ ለውጡ መሥራቱን ማረጋገጥ ነው። ፓምፑ ያው ፓምፕ ሆኖ የሚጠገንበት ጊዜ ብቻ ቢለወጥና ነዳጅ ቢቆጥብ፣ እሱም ኢኖቬሽን ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ይህ ትምህርት ሲኦሲ አይደለም። ሲኦሲ የመርከበኛው የብቃት ምስክር ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውና በ2010 ማኒላ ላይ በሰፊው የተሻሻለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚጠይቀው እሱን ነው። ማስተርስ አይጠይቅም። ማስተርስ ስለያዝህ ቺፍ ኢንጂነር፣ ማለትም የሞተር ክፍሉ አለቃ፣ አትሆንም። ቺፍ የሚያደርግህ የባሕር ላይ አገልግሎትህና ፈተናው ነው። ይህን ሳያውቁ ገንዘባቸውን የሚከፍሉ ልጆች ስላሉ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ታዲያ ለምን ይማሩታል? ምክንያቱም መርከቡ ከእግራቸው ሥር እየተለወጠ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ መርከቦች የሚያነዱት ነዳጅ ውስጥ ያለው ሰልፈር ከ0.50 በመቶ እንዳይበልጥ ተደርጓል። ቀድሞ እስከ 3.50 በመቶ ይፈቀድ ነበር። በ2023 ደግሞ ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት አዲስ ስትራቴጂ አጸደቀ። የመርከብ ትራንስፖርት በ2050 ወይም በዚያ አካባቢ የሙቀት አማቂ ጋዝ የተጣራ ልቀቱን ዜሮ ያደርሳል የሚል ነው። ኖርዌይ ውስጥ ከ2015 ጀምሮ በባትሪ ብቻ የሚሄድ የመኪና ማሻገሪያ አለ። በ2023 ሜታኖል በሚባል የአልኮል ዓይነት ነዳጅ የሚሠራ የኮንቴነር መርከብ ሥራ ጀምሯል።

ሜታኖሉን ትንሽ ላብራራው። የአክስቴ ልጅ የተማረውም፣ የኖረበትም ጥቁርና ወፍራም ነዳጅ ላይ ነው። ያ ነዳጅ እንዲፈስ መሞቅ አለበት፣ መጣራት አለበት። ሲፈስ ይታያል፣ ሲነድ ያጨሳል። ሜታኖል እንደ ውኃ የጠራ ነው። በቀን ብርሃን ሲነድ ነበልባሉ ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። አንድ ኢንጂነር ወደማያየው እሳት ሊጠጋ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ሙቀት የሚያይ ካሜራ ያስፈልጋል፣ የእሳት ልምምዱም መለወጥ አለበት። በተጨማሪ ያንኑ ያህል ጉልበት ለማግኘት ከእጥፍ በላይ መጠን ያለው ታንከር ይፈልጋል። ይህ ቦታ ደግሞ ከጭነቱ ይቀነሳል። ሌላው አዲስ ነዳጅ፣ አሞንያ፣ ሲመጣ ሌላ ጣጣ አለ፤ መርዛማ ነው። እንግዲህ እነዚህን ነገሮች ቢሮ ተቀምጦ የሚነድፍ ሰው አለ። ሌሊት በስምንት ሰዓት ቫልቩን የሚዘጋው ግን መርከበኛው ነው። የዲዛይኑ ጠረጴዛ ላይ የእሱ ድምፅ እንዲሰማ እፈልጋለሁ። ለእኔ የዚህ ትምህርት ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው።

መርከበኛ ችግሩን ያውቀዋል። የሚጎድለው ማስረጃ አድርጎ ማቅረቢያው ነው። የአክስቴ ልጅ አንድ ደብተር አሳየኝ። ጠርዙ ዘይት ጠጥቷል። ብዙ ዘመናዊ መርከቦች ላይ የሞተር ክፍሉ ሌሊት ሰው አይቆምበትም። ተረኛው ኢንጂነር ካቢኑ ይተኛል። አንድ ነገር ከተበላሸ ማንቂያው አልጋው አጠገብ ይጮኻል። ተነሥቶ፣ ወርዶ፣ አይቶ ማጥፋት አለበት። ከዘገየ ለሌሎቹም ኢንጂነሮች ይጮኻል። ልጁ በተረኝነቱ ሌሊት ሁሉ በየማንቂያው ስም አጠገብ ጭረት ይጭር ነበር። ገጹን ገልጬ ሳይ አብዛኛው ጭረት አንድ መስመር ላይ ተከምሯል። አንድ ታንከር ውስጥ ያለውን የፈሳሽ መጠን የሚለካ ሴንሰር ነው። መርከቡ ሲናጥ ፈሳሹ ይናጣል፤ ሴንሰሩ ጎደለ ብሎ ይጮኻል። ምንም የጎደለ ነገር የለም።

"ለዚህ ነው ስንቴ የተነሣሁት" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የሚያስፈራኝ እኮ መነሣቱ አይደለም። አንድ ቀን እውነተኛው ሲጮህ 'ያው ሴንሰሩ ነው' ብዬ ቀስ ብዬ እንዳልወርድ ነው" አለ።

ይህ የቴሲስ፣ ማለትም የመመረቂያ ጥናት፣ ርዕስ ነው። የትኛው ማንቂያ ሰው ይቀስቅስ? የትኛው እስኪነጋ ይቆይ? ሴንሰሩ ጥቂት ሰከንድ ታግሶ ቢጮህ ምን ይሆናል? ትምህርቱ የሚሰጠው ጭረቱን ወደ ዳታ፣ ዳታውን ወደ ሙከራ፣ ሙከራውን ኩባንያው ሊቀበለው ወደሚችል ሐሳብ የመቀየሪያውን ስልት ነው። ወጪ ማስላት አለበት። አደጋን መመዘን አለበት። ቺፉን ማሳመንም አለበት፤ እሱም የዋዛ ሥራ አይደለም።

አሁን የአክስቴን ሁለተኛ ጥያቄ እንመልስ። ባሕር ላይ ትምህርት ቤት የለም። የሚሠራው እንዲህ ነው። መርከበኛ በኮንትራት ነው የሚኖረው፤ ጥቂት ወር ባሕር፣ ጥቂት ወር ቤት። ለእሱ የተዘጋጁ ፕሮግራሞች ትምህርቱን በትናንሽ ክፍል ይቆርጡታል። ከባዱ ለእረፍት ጊዜ ይቀመጣል። ንባቡና መረጃ መሰብሰቡ ለመርከቡ ጊዜ ይሆናል። ቪዲዮና ጽሑፍ አስቀድሞ ይወርዳል፤ ባሕር መሐል ኢንተርኔት አለ ተብሎ አይታመንምና።

ጊዜው ግን ይጨንቃል። ደንቡ ለመርከበኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሰባት ቀን ደግሞ ቢያንስ 77 ሰዓት እረፍት ይላል። ይህ ሰዓት ሰውነት እንዲያርፍበት ነው የተተወው። ተማሪው የሚያነበው ከዚያ ላይ ቀንሶ ነው። ስለዚህ "በአንድ ዓመት ጨርስ" የሚል ፕሮግራም ለሠራተኛ መርከበኛ የታሰበ አይመስለኝም። ሁለትና ሦስት ዓመት የሚፈቅደውን መምረጥ ይሻላል።

በሙሉ ጊዜ መማር የሚችል ሰው ሌላ በር አለው። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1983 ስዊድን ማልሞ ከተማ ውስጥ የዓለም የማሪታይም ዩኒቨርሲቲን አቋቁሟል። የማስተርስ ትምህርቱ 14 ወር ይፈጃል። ለታዳጊ አገሮች ተማሪዎች የስኮላርሺፕ ዕድልም አለ። ለዚያ ግን ከመርከብ ወርዶ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ከመመዝገብ በፊት መጠየቅ ያለበትን ልናገር። ዲግሪው አገር ቤት ይታወቃል ወይ? ይህን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አስቀድሞ ማጣራት ነው፤ በተለይ በኦንላይን የሚሰጥ ከሆነ። ክፍያው በዶላር ወይም በዩሮ ከሆነ ኮንትራት በሌለበት ወር ማን ይከፍላል? የመርከቡን ዳታ ለቴሲስ መጠቀም ኩባንያው በጽሑፍ ፈቅዷል ወይ? ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። ያለ ፈቃድ የተሰበሰበ ዳታ ግን ሥራም ዲግሪም ሊያሳጣ ይችላል።

"ባሕር በሌለበት አገር ይሄ ምን ያደርጋል?" የሚሉኝ አሉ። የአገራችን የወጪና ገቢ ዕቃ ከሞላ ጎደል በጂቡቲ ወደብ ነው የሚያልፈው። የመርከብ ኪራይ ሲጨምር የማዳበሪያው ዋጋ ሞጣና ቡሬ ላይ ይጨምራል። ጎጃሜ ገበሬ ባሕሩን አይቶት አያውቅ ይሆናል እንጂ ባሕሩ ጓዳው ድረስ ይገባል።

ደግሞ ውኃ አለን። ልጁ ወደ ሥራው ከመመለሱ በፊት ባሕር ዳር አብረን ሄድን። ጣና ዳር ከአንድ የሞተር ጀልባ ነጂ ጋር ጨዋታ ያዙ። ሰውየው ወደ ሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ሰው ያመላልሳል፤ እምቦጩ የሚበዛበት ማለት ነው።

"ሲጠመጠምበት ሞተሩን አጥፍቼ፣ ጎንበስ ብዬ በእጄ ነው የምፈታው" አለ።

"በቀን ስንት ጊዜ፣ ጋሼ?"

"እሱንማ ማን ቆጥሮት!"

"እስቲ ነገ ይቁጠሩልኝ።"

በማግሥቱ አመሻሽ ተመለስን። ነጂው ከመቀመጫው አጠገብ ካለው ጣውላ ላይ በምስማር ጭሮ ጠበቀን። ሰባት ጭረት ነው። የአክስቴ ልጅ ቁጢጥ ብሎ አንድ በአንድ እየነካ ቆጠራቸው። ከዚያ ደብተሩን አወጣና፣ "ከዳር ሲነሡ ነው ወይስ ሲገቡ?" ብሎ ጠየቀ።