«ጋራዥ ያለው ሰው ሀብታም ነው»፤ ስለ መኪና ጥገና ገቢ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መኪናውን ከጋራዥ አውጥቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ የተሰጠውን የሒሳብ ዝርዝር ደጋግሞ እያየ «እነዚህ ሰዎች ገንዘብ እያፈሱ ነው» ማለቱ የተለመደ ነው። ልጁ የመኪና ጥገና መማር እንደሚፈልግ የነገረው ወላጅ ደግሞ «ግሪስ ለብሰህ ምን ልታገኝ ነው?» ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ሙያ ቢሆንም፣ ደንበኛው የከፈለው ገንዘብ በማን በማን እጅ እንደሚያልፍ አንዳቸውም ልብ አላሉም።

«የከፈልኩት ሁሉ የመካኒኩ ገቢ ነው»

ከሁሉም የተስፋፋው ስሕተት ይህ ነው። ለማሳያ ያህል ሞተሩ ሞቆ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሽን፣ ማለትም በመገጣጠሚያው መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ የተቃጠለበትን አንድ ኮሮላ እንውሰድ፤ ባለንብረቱ በጠቅላላ 60,000 ብር ከፈለ እንበል። ከዚህ ውስጥ 41,000 ብሩ ለጓርኒሽን፣ ለቺንጊያ (ቀበቶ)፣ ለውሃ ፓምፕ፣ ለዘይትና ለፊልትሮ ወጥቷል። ቴስታታውን ላስተካከለው ቶርኖ ቤት (የብረት መቅረጫ ማሽን ያለው ወርክሾፕ) 7,000 ብር ተከፍሏል። የቀረው 12,000 ብር የእጅ ዋጋ ነው። ጋራዡና መካኒኩ ይህን እኩል ቢካፈሉ መካኒኩ 6,000 ብር ይደርሰዋል፤ ከዚያም ላይ አራት ቀን ሙሉ አብሮት ብሎን ሲፈታና ዕቃ ሲያጥብ ለሰነበተው ረዳት የድርሻውን ይሰጣል። መካኒኩ ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባው ደንበኛው ከከፈለው አንድ አሥረኛው እንኳ አይሞላም። የባለቤቱ 6,000 ብርም ቢሆን የኪራይ፣ የጥበቃ፣ የመብራትና የግብር ወጪ ይጠብቀዋል፤ መኪናው ከሳምንት በኋላ «አሁንም ይሞቃል» ተብሎ ከተመለሰ ደግሞ ያለ ክፍያ እንደገና ይፈታል።

ግንዛቤውን ያባባሰው የምንዛሪው ለውጥ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። መለዋወጫ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ዋጋው ከዶላሩ ጋር ወጣ፤ የእጅ ዋጋ ግን በደንበኛና በመካኒክ ድርድር የሚቆረጥ ነው። ስለዚህ ደንበኛው ከቀድሞው እጅግ የበለጠ ገንዘብ እየከፈለ፣ መካኒኩ በዚያው ልክ ገቢው አድጓል ማለት አይደለም።

«ግቢው በመኪና የሞላ ጋራዥ ጥሩ ይሠራል»

ብዙ ጊዜ እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። ወደ አንድ መካከለኛ ጋራዥ የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ጥግ ላይ የቆመውን ዶልፊን ሚኒባስ ይሆናል፤ ሞተሩ ወርዶ በላስቲክ ተሸፍኗል፤ የፊት መስታወቱን የሸፈነው አቧራ ላይ የሰፈር ልጅ በጣቱ ስሙን ጽፎበታል። ይህ መኪና ምናልባት ከዱባይ የሚመጣ ዕቃ እየጠበቀ ነው፤ ምናልባትም ባለንብረቱ ገንዘብ አልቆበት ስልኩን ማንሳት አቁሟል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ መኪናው የያዘው ቦታ ኪራይ ይከፈልበታል እንጂ ገቢ አያስገባም። ጋራዥ የሚያተርፈው በሚገቡትና በሚወጡት መኪኖች ብዛት ስለሆነ፣ አምስት መኪና ቆሞበት የሚውል ሰፊ ግቢ፣ ዘይትና ፍሬን ሸራ ብቻ እየቀየረ መኪናውን በአንድ ሰዓት ከሚሸኝ ጠባብ ቤት ያነሰ ሊያገኝ ይችላል። በመንገድ ዳር ኮምፕሬሰሩን አስነስቶ የሚሠራው ጎሚስታም (ጎማ ጠጋኝ) ቢሆን የሚቀበለው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በዕለቱ በእጁ ይገባል፤ ብድር የሚጠይቀውም ደንበኛ ጥቂት ነው።

ከመድን ድርጅቶች የሚመጣው የግጭት ሥራም ከሩቅ እንደሚታየው አይደለም። ጋራዦች የዋጋ ማቅረቢያ አስገብተው ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው ሥራውን ይወስዳል፤ ባትላሜራው (የተጎዳውን ቆርቆሮ የሚያቃናው ባለሙያ) አቃንቶ፣ ቀለም ቀቢው ቀብቶ፣ መኪናው ለባለንብረቱ ተሰጥቶ የድርጅቱ ክፍያ እስኪመጣ ድረስ የሠራተኛውን ደመወዝና የቀለሙን ዋጋ የሚሸከመው የጋራዡ ባለቤት ነው። በቂ መቋቋሚያ ገንዘብ ያለው ጋራዥ ከዚህ ሥራ በእርግጥ ይጠቀማል፤ የሌለው ግን በወረቀት ላይ አትራፊ ሆኖ ሳለ ለሠራተኞቹ የቅዳሜ ክፍያ ይበደራል። በነገራችን ላይ፣ ብዙዎች «የጋራዡ ባለቤት» ብለው የሚቀኑበት ሰው ግቢውን የተከራየ ነው፤ በሰላም የሚተኛው አከራዩ ነው።

«መካኒክ የሚበላው ከዕቃ ላይ ነው»

ይህ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። መርካቶ ሶማሌ ተራ የሚገኝ የመለዋወጫ ሱቅ ደንበኛ ላመጣለት መካኒክ ድርሻ ማሰቡ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ትክክልም አይደለም። ሆኖም ልማዱ እንዴት እንደቆየ ማየት ተገቢ ነው። ደንበኛው በሱቁ የተጠየቀውን 8,000 ብር ያለ ብዙ ክርክር ከፍሎ፣ ዕቃውን ለመግጠም ግማሽ ቀን ከመኪና ሥር ለተኛው ሰው ግን «ብሎን ለማጥበቅ ይህን ያህል?» ይላል። የእጅ ዋጋ በተናቀበት ቦታ ገቢው በስውር ዕቃው ላይ ይጫናል። ዕቃውን ራሱ ገዝቶ የሚያመጣ ደንበኛ ከዚህ ይድናል፤ ነገር ግን ያመጣው ኩሽኔታ (ተሽከርካሪውን ክፍል የሚሸከም ቀለበት) አስመስሎ የተሠራ ሆኖ በወሩ ቢጮህ ጥፋቱን በመካኒኩ ላይ ማላከክ አይችልም። የተሻለው መንገድ በደረሰኝ መግዛት፣ የተፈታውን አሮጌ ዕቃ መረከብና የእጅ ዋጋውን አስቀድሞ ለይቶ መዋዋል ነው።

«የጉልበት ሥራ ስለሆነ ሁሉም መካኒክ እኩል ያገኛል»

በሙያው ውስጥ ያለው የገቢ ልዩነት ከውጭ አይታይም። ረዳቱ ዓመታትን በጥቂት የኪስ ገንዘብ ያሳልፋል፤ ሞተር የሚከፍተው ዋና መካኒክ ከእርሱ ብዙ እጥፍ ያገኛል፤ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ደግሞ ሥራ ከሚያጡት ወገን አይደለም። ልዩነቱን የሚፈጥረው ብልሽቱን ማግኘት መቻል ነው። የሚንቀጠቀጥ መኪና ይዞ የመጣን ሰው አንዱ ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) አስቀየረው፤ ሌላው ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠውን ኮይል፤ ሦስተኛው የቤንዚን ፓምፕ። በመጨረሻ ያየው ሰው አንዲት የተሰነጠቀች የአየር ቱቦ አገኘ። ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው ስካነር የስሕተት ኮድ ያነባል እንጂ ቱቦዋ ተሰንጥቃለች ብሎ አይናገርም። አሳዛኙ ነገር፣ ለሦስቱ የከፈለው ደንበኛ አራተኛውን «ምንም አልቀየርክም፤ ምን ልክፈልህ?» ማለቱ ነው። ለምርመራ ለብቻው ማስከፈል የለመዱ ጋራዦች ከዚህ ወጥመድ ወጥተዋል፤ እኔ እስከማየው ድረስ በሙያው ጥሩ ገንዘብ የሚያገኙትም በአብዛኛው እነርሱ ናቸው።

«አሜሪካ ቢሆን መካኒክ ሀብታም ነው»

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ የሜይ 2023 (እ.ኤ.አ.) መረጃ እንደሚያሳየው፣ ግማሾቹ የመኪና መካኒኮች በዓመት ከ47,770 ዶላር በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች ያገኙ ነበር። የሀገሪቱ ሠራተኞች ሁሉ ተመሳሳይ መለኪያ 48,060 ዶላር ስለነበር፣ መካኒኩ ከመሃል የቆመ ነው። በብዙ ቦታዎች ክፍያው ለሥራው አስቀድሞ በተቆረጠ ሰዓት ነው፤ ሁለት ሰዓት የተባለ ሥራ አራት ሰዓት ቢፈጅ የሚከፈለው የሁለት ሰዓት ነው። የእጅ መሣሪያውንም በሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚገዛው ብዙ ጊዜ ራሱ ነው።

«የኤሌክትሪክ መኪና መጥቷልና መካኒክ አለቀለት»

መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ይህ አባባል በርክቷል። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት፣ ካንዴላና ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) እንደሌለው፣ ፍሬን ሸራውም መኪናው ፍጥነቱን ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ስለሚያግዘው ብዙ እንደሚቆይ እውነት ነው፤ ከሰርቪስ የሚኖረው ጋራዥ ይህን መፍራቱ አያስገርምም። ይሁን እንጂ በመንገድ ላይ ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች በአንድ ቀን አይጠፉም፤ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ስለጣለ፣ አሮጌው መኪና ከመለወጥ ይልቅ እየተጠገነ ነው የኖረው፤ አዲስ የነዳጅ መኪና አለመግባቱም ይህንኑ ያጠናክረዋል። አዲሶቹ መኪኖችም ቢሆኑ በባትሪያቸው ክብደት ጎማና የፊት እግር (የፊት ጎማዎቹን የሚሸከመውን ክፍል) ይበላሉ፤ ይጋጫሉ፤ ኤሲያቸው ይበላሻል። ከባትሪው የሚወጣው ኃይል ግን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት በመሆኑ፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ጓንትና ሥልጠና የሌለው ሰው ኮፈኑን ከፍቶ እጁን እንዳይሰድ ይገባል። ለዚህ ሥልጠና ዛሬ ገንዘብ የሚያወጣ ጋራዥ የመጀመሪያውን ከባድ የባትሪ ሥራ እስኪያገኝ ወራት ሊጠብቅ ይችላል፤ ኪራዩ ግን በየወሩ ይከፈላል።