ፌብሩዋሪ 1720 የትኛው ዓመት ነው?

በእንግሊዝ የገጠር አጥቢያ መዝገብ ውስጥ ዘር ለሚቆጥሩ ሁሉ፣ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለመጣ ልመልሰው። እንበል ባልና ሚስቱ ኤፕሪል 20 ቀን 1720 ተጋቡ ይላል። የበኩር ልጃቸው ደግሞ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1720 ተጠመቀ። ታዲያ ልጁ ከሰርጉ በፊት ተወለደ?

አልተወለደም። በእንግሊዝ እስከ 1751 ድረስ ሕጋዊው አዲስ ዓመት የሚገባው በብስራት በዓል፣ ማርች 25 ነበር። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ የአሮጌው ዓመት ማለቂያ ነበሩ ማለት ነው። ለእኛ ይሄ እንግዳ አይደለም፤ የኛም ዓመት መስከረም ሳይጠባ አይለወጥም። ስለዚህ ልጁ የተጠመቀው ዛሬ 1721 በምንለው ዓመት ነው፤ ከሰርጉ አሥር ወር ገደማ በኋላ።

ጃንዋሪ 1 የዓመት መጀመሪያ የሆነው ከ1752 ጀምሮ ነው። በዚያው ዓመት አቆጣጠሩን ለማስተካከል አሥራ አንድ ቀን ተዘሎ ከሴፕቴምበር 2 ማግስት ሴፕቴምበር 14 ሆነ። ስኮትላንድ ግን ጃንዋሪ 1ን ቀድማ፣ በ1600 ተቀብላለች።

ሕጉ ይሄ ነው፤ አጻጻፉ ግን እንደ ሰው ይለያያል። አንዳንዱ ቄስ 1720/21 ብሎ ሁለቱንም ይጽፋል። አንዳንዱ ገልባጭ ደግሞ ዓመቱን ዝም ብሎ ያስተካክለዋል። እባካችሁ በግልባጭ ብቻ አትመኑ፣ የመዝገቡን ገጽ ራሱን እዩት። ከዲሴምበር 1720 ቀጥሎ ጃንዋሪ 1720 ካለ፣ አሮጌው አቆጣጠር ነው። ስትመዘግቡም 1720/21 ብላችሁ ጻፉ። ከ300 ዓመት በፊት የሞተች እናት ስሟ በከንቱ ሲነሳ ማየት ያሳዝነኛል።