«ዋናው ውፍረቱ ነው» እና ሌሎች የጥይት ወሬዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለፈው እሁድ እዚሁ ጎንደር አራዳ ጠጅ ቤት ቁጭ ብለን «ለውጊያ የቱ ጥይት ይበልጣል» ሚል ክርክር ተነሳና ብርሌው ተረስቶ እስኪሞቅ ድረስ ተጨቃጨቅን። በአንድ በኩል ድሮ ወታደር የነበሩ ሽማግሌ፣ በሌላ በኩል ስልኩ ላይ ጌም ሲጫወት ሚያድር የእህቴ ልጅ። ልጁ «አያ፣ 5.56 እኮ ነው አንደኛው» ይላቸዋል (የአሜሪካኖቹ ኤም16 ሚጎርሰው ነው፣ ቁጥሩ ስፋቱን በሚሊሜትር ሚናገር)፣ እሳቸው ደግሞ «ሂድ ወዲያ ልጄ፣ እሱ ወስፌ ነው፣ ጥይት ማለት ወፈር ያለው ነው» ይሉታል። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ልክ ናቸው። ያን ቀን በጩኸቱ መሃል ሰሚ ያጣሁበትን እዚህ ልጻፈው።

«ጥይት በወፈረ ቁጥር ይበረታል»

ይሄኛው ስር የሰደደ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላ ድረስ ይዘውት የመጡት ስናይደር፣ የኛ ሰው ሰናድር ሚለው፣ ውፍረቱ 14.7 ሚሊሜትር ነበር፣ የክላሽን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው ሚቀረው። አረሩ ብቻውን 31 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ የክላሽ አረር 8 ግራም ነው። በሽማግሌው ሂሳብ ከሄድን ሰናድር ክላሽን አራት ጊዜ ሊበልጥ ነው ማለት ነው። ግን ሰናድር በሰከንድ 380 ሜትር ገደማ ነው ሚጓዘው ክላሹ ደግሞ 715 ሜትር፣ ጉልበት ሚሰላው ደግሞ ክብደቱን በፍጥነቱ ስኩዌር አባዝተህ ለሁለት አካፍለህ ነው፣ ስለዚ ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉልበት እጥፍ ብቻ ይጨምራል፣ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግን አራት እጥፍ። ስታሰላው ሰናድር 2,200 ጁል (የጉልበት መለኪያ ነው) አካባቢ ይመጣል፣ ክላሽ 2,000። ያን ሁሉ እርሳስ ተሸክሞ ልዩነቱ ይቺው ናት! በፉከራው ሁሉ ሚወደሰው ውጅግራም 11 ሚሊሜትር ሆኖ 2,500 ጁል ገደማ ነው። እኛ ብሬን ምንለው ፒኬኤም መትረየስ ሚጎርሰው 7.62 በ54 ግን በቀጭንነቱ 3,500 ጁል አካባቢ ይሰጥሃል። እና መቅደላ ላይ እንግሊዝን የጠቀመው ውፍረቱ አልነበረም፣ ሰናድር ከኋላ ስለሚጎርስ በደቂቃ አስር ጊዜ ያህል ይተኮሳል፣ ከአፈሙዙ ሚጎረሰው የዛ ዘመን ጠመንጃ ደግሞ ሶስቴ ከተኮሰ ጎበዝ ነው።

«7.62 ያው 7.62 ነው»

አይደለም። እዛው ጠጅ ቤት ሽማግሌው ከኪሳቸው አንድ ቀለህ አወጡ፣ ሱረት መያዣ አርገውታል አፉን በጨርቅ ወትፈው። ሌላው ሰውዬ የቁልፍ መያዣው የክላሽ ቀለህ ነበር፣ ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቆምናቸው። የሽማግሌው በቁመት አንድ ተኩል ሴንቲሜትር ይበልጣል፣ ቂጡ ላይ ደግሞ እንደ ሚስማር ራስ ወጣ ያለ ከንፈር አለው፣ የክላሹ ግን ከንፈር የለውም፣ ዙሪያውን ቦይ ነገር ብቻ ነው። ከስር ገልብጠህ ብታየው ቁጥር ተቀርጾበታል፣ አንዱ የፋብሪካው መለያ ነው፣ ሌላው የተሰራበት ዓመት። እንግዲህ 7.62 ሚባለው የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት ብቻ ነው፣ ከኋላ ያለው 39 (የክላሹ) ወይም 51 (የኔቶ) ወይም 54 (የሽማግሌው) ነው የቀለሁን ቁመት በሚሊሜትር ሚነግርህ፣ ሶስቱም ለየብቻ ናቸው አንዱ በሌላው ጠመንጃ አይገባም። በግድ ልክተት ያለ ሰው ቢቀናው ጠመንጃው ይነክስበታል ካልቀናው ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል።

«5.56 የተሰራው ለማቁሰል እንጂ ለመግደል አይደለም፣ አንድ ሲቆስል ሁለት ሰው ይሸከመዋል»

ይቺን ያልሰማ የለም፣ እኔም ለሰው አውርቻታለሁ፣ ሲያዩዋት ብልጠት ያለባት ትመስላለች። ግን አሜሪካኖቹ ጥይቱን ሲያሰሩ ያወጡት መስፈርት በ500 ያርድ ርቀት፣ ማለትም 457 ሜትር ላይ፣ የብረት ቆብ እንዲበሳ ሚል ነው፣ ማቁሰል ምናምን የለበትም። ትክክለኛው ምክንያት ሸክም ነው። አንዱ 7.62 በ51 ከነቀለሁ 24 ግራም ገደማ ነው፣ 5.56 ደግሞ 12፣ በቃ በአንዱ ክብደት ሁለት ትይዛለህ። ከአዘዞ አርማጭሆ ድረስ በእግሩ ዝናር ታጥቆ የወረደ ሰው ይሄን ለማስረዳት ጁል ምናምን አያስፈልገውም። ሌላው ምት ነው፣ ትከሻህን ሲገፋህ ቀለል ስለሚል ሁለተኛው ጥይት ከመጀመሪያው ብዙ አይርቅም። ሶቭየት ህብረትም በ1974 እ.ኤ.አ. ያለምክንያት አይደለም 5.45 ሚባለውን ያመጣችው፣ አረሩ 3.4 ግራም ብቻ ነው።

«5.56 አየር ላይ እየተገለባበጠ ነው ሚሄደው» ሚሉም አሉ። ውሸት። አፈሙዙ ውስጥ ያለው ጥምዝ ቦይ እንደ እንዝርት ያሾረዋል፣ ወረቀት ላይ ብትተኩስ ሚታየው ክብ ቀዳዳ ነው። ሚገለበጠው አካል ውስጥ ሲገባ ነው፣ እሱ ደግሞ የሹል ጥይት ሁሉ ጠባይ እንጂ የ5.56 ብቻ አይደለም።

«ትልቁ ጥይት ሰውን አንስቶ ይጥለዋል»

ፊልም ነው። የክላሽ ጥይት 8 ግራም፣ ፍጥነቱ 715፣ 60 ኪሎ ሰው ላይ ቢያርፍና ሙሉ ግፊቱን ቢሰጠው ሰውዬው በሰከንድ አስር ሴንቲሜትር እንኳን አይገፋም፣ ጠጅ ቤት በር ላይ ሚያጋጥምህ ግፊያ ይበልጣል። ደግሞ ያን ያህል ቢወረውር ኖሮ ተኳሹም በሰደፉ በኩል ወደ ኋላ ይወረወር ነበር።

«አዲስ የወጣው ሁሌም ይበልጣል»

እዚህ ላይ የእህቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ 6.8 በ51 ሚባለውን አሳየን፣ የአሜሪካ ጦር በ2022 እ.ኤ.አ. የመረጠው። እውነት ነው ጉልበተኛ ነው፣ የመጣውም አፍጋኒስታን ላይ ከተራራ ወደ ተራራ ሲታኮሱ 5.56 አጠረብን ስላሉ ነው፣ ሊማሊሞ ጫፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ክላሹማ ማነጣጠሪያውን ለ100 ሜትር ካስተካከልከው 300 ሜትር ላይ ከአነጣጠርክበት ከግማሽ ሜትር በላይ ይወርድብሃል። ግን አዲሱ ይከብዳል፣ በ5.56 በሰባት ካዝና 210 ጥይት ይይዝ የነበረው ወታደር አሁን በሰባት ካዝና ሚይዘው 140 ነው። በሌላ በኩል ያ የሽማግሌው የሱረት ቀለህ ዓይነት በ1891 እ.ኤ.አ. የወጣ ሆኖ እስከዛሬ ይተኮሳል፣ ማንም ጡረታ አላወጣውም።

ጣሊያኖች ደግሞ በዚ ጉዳይ ጥሩ አርገው ተቀጥተዋል። ሊቢያም እኛ ጋም ካዩት በኋላ 6.5 ካርካኖ ጥይታችን ደካማ ነው ብለው በ1938 እ.ኤ.አ. 7.35 ሚባል አወጡ። በወረቀት ላይ የተሻለ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጦርነቱ መጣ፣ መጋዘኑ ሙሉ 6.5 ነው ፋብሪካው ሚያመርተው 6.5 ነው፣ ለግማሹ ጦር ይሄን ለግማሹ ያን ማን ያድርስ? በ1940 እ.ኤ.አ. ተመልሰው ወደ 6.5 ገቡ። በቀጣዩ ዓመት፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ከውጭ አንድ ሳጥን ሚያስገባለት መንገድ አልነበረውም፣ ዙሪያውን ተከቦ። ስለዚ ሽማግሌውን «የትኛው ይሻላል» ብዬ ስጠይቃቸው ጠጃቸውን ጨልጠው «ያለህ ነዋ፣ ነገም ሚመጣልህ» ያሉት፣ ከክርክሩ ሁሉ ያልተቃወምኳት ይቺን ነው።

«ወደ ሰማይ የተተኮሰ በኖ ይቀራል»

ሰርግም ለቅሶም ሲሆን ይሄን ምንሰማው ነው። የወጣ ይወርዳል። ቀጥ ብሎ ሽቅብ ከወጣ ሲመለስ በሰከንድ 90 ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ቆዳ ለመብሳት ደግሞ 60 ይበቃዋል፣ ዘመም ብሎ ከተተኮሰማ ከዚ የበለጠ ፍጥነት ይዞ ሌላ ሰፈር ነው ሚያርፈው። እናቴ ቤት ሳሎኑ ላይ አንድ ቀዳዳ አለ፣ ትንሽ ጣት ታስገባለች፣ አምና ጥር ላይ የማን ሰርግ እንደሆነ እንኳን አናውቅም፣ ቆርቆሮውን በስቶ ሶፋው ውስጥ ነው ያገኘነው። በሬንጅ ደፈንነው፣ ሬንጁ ፀሀይ ሲመታው ለቀቀ፣ ክረምት ላይ እናቴ ከስሩ ሳፋ ታስቀምጥለታለች።