ኦክስጅን ሴንሰር ምንድን ነው? ሳያጠፋ የሚቀየረው ቀማሽ

ሰሞኑን አንዱ «ቱርቦ መኪና ላይ ኦክስጅን ሴንሰር እንደ ካንዴላ ነው፣ በየስድስት ወሩ ትቀይረዋለህ፣ አለቀ» ሲል ሰማሁና ደሜ ፈላ። አላለቀም። ሴንሰር በየስድስት ወሩ የሚሞት ከሆነ ሌላ የታመመ ነገር አለ ማለት ነው።

ሥራው ስሙ ላይ ተጽፏል። በፈረንጆቹ 1976 ቮልቮ ላይ መገጠም ከጀመረ ጊዜ አንስቶ የሚለካው ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ነው። ቤንዚን አይለካም! ይቺን ግማሹ መካኒክ እንኳን ይረሳታል።

ድሮ ግብር ላይ ጠጅ አሳላፊው ከመቅዳቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር። ሴንሰሩ ያ አሳላፊ ነው። አሳላፊው ሦስት ጊዜ ከወደቀ፣ አራተኛ ከመቅጠር በፊት ጋኑ ውስጥ ምን እንዳለ ይታያል። ደግሞ ይሄ አሳላፊ የሚያውቀው አንድ ጣዕም ብቻ ነው። አንድ ካንዴላ እሳት አልሰጥ ብሎ ሞተሩ ሚስ ሲያደርግ፣ ያልተቃጠለው ቤንዚንም ያልተነካው ኦክስጅንም አብረው ይወጣሉ። ሴንሰሩ ኦክስጅኑን ብቻ ያይና «ሊን ነው፣ ቤንዚን አንሷል» ይላል። የሞተሩ ኮምፒውተር አምኖት ቤንዚን ይጨምራል። ጥቀርሻው ይበዛል፣ ካንዴላው ይብስበታል፣ በመጨረሻ ጥቀርሻው አሳላፊውን ራሱን ያፍነዋል። ከሴንሰሩ በፊት ያለ የጭስ ማውጫ ቀዳዳም እንደዚሁ ነው፤ በተለይ መኪናው ቆሞ ሲሠራ የውጭ አየር ይስብና ሊን ያስመስላል።

እዚህ ቨርጂኒያ አንድ የእኛ ልጅ ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ይዞብኝ መጣ። ትልቅ ቱርቦ፣ አዲስ ጭስ ማውጫ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የዋይድባንድ መለኪያ፣ ማለትም ከራሱ ኦክስጅን ሴንሰር እያነበበ የአየርና የቤንዚኑን ምጣኔ በቁጥር የሚያሳይ። «ጋሼ፣ ሦስተኛ ሴንሰሬ ነው» አለኝ። በ22 ቁልፍ ፈታሁት። ጫፉ ጥቁር ነው፣ ደረቅ፣ እንደ ምጣድ ቂጥ። በጣቴ ስነካው ተላቀቀ።

ጥቁር ደረቅ ጥቀርሻ የበዛ ቤንዚን ነው። ነጭ ነገር ብታዩ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ወይም ለሴንሰር የማይሆን ማሸጊያ ሲሊኮን ጠርጥሩ፤ የቴስታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ማየት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቡናማ አመድ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ ቱርቦው ዘይት ያሳልፍ እንደሆነ እዩ። እርሳስ ያለው የውድድር ቤንዚን የምትቀዱማ ለሴንሰር በጀት ያዙ፣ እሱ ላይ አልከራከርም።

የዚህ ልጅ የበዛ ቤንዚን ከየት መጣ? ማርሽ ሲቀየር ፍስስስ ከሚለው፣ ሁላችሁም ከምትወዱት ቫልቭ። ይሄ መኪና የሚገባውን አየር ማፍ በምንለው መለኪያ ይለካል። ቫልቩ የተለካውን አየር ወደ ውጭ ሲተፋው ኮምፒውተሩ አያውቅም፣ ለሌለ አየር ቤንዚን ይረጫል። ድምፁ ያምራል፣ አልክድም።

ግን ቫልቩ ብቻውን በዚህ ፍጥነት አይገድልም። ሽቦውን እየተከተልኩ ስወርድ መሪው ሥር አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ አገኘሁ። «ይቺ ምንድን ናት?» «እንዳይቃጠልብኝ ብዬ ረጅም መንገድ ላይ መለኪያውን አጠፋዋለሁ።»

ይኸው ገዳዩ። የዋይድባንድ ሴንሰር የራሱ ማሞቂያ አለው። ቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 የሚባለው ጫፉን 780 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ያቆየዋል፣ የሚያርፍበትን ጥቀርሻ የሚያቃጥለውም በዚሁ ሙቀት ነው። ማሞቂያውን አጥፍታችሁ ጭስ ውስጥ ከተዋችሁት ጥቀርሻው ይጋገርበታል። አሳላፊውን አፉን አስራችሁ ጋኑ ውስጥ ነከራችሁት ማለት ነው (እሺ፣ ምሳሌው እዚህ ላይ ትንሽ ተለጠጠ)። መለኪያውን ማየት ካልፈለጋችሁ ሴንሰሩን ፈትታችሁ ቀዳዳውን በቡሎን ድፈኑት።

ሞተሩ ሳይነሳ ማሞቂያውን በሙሉ ኃይል መለኮስም ጥሩ አይደለም። ቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ላብ አለ፤ ጠብታው የጋለ ሴራሚክ ላይ ሲያርፍ እንደ ብርጭቆ ይሰነጥቀዋል። ለዚህ ነው ሴንሰሩ ሽቦው ወደ ላይ ሆኖ ከአግድም ቢያንስ 10 ዲግሪ አዘንብሎ የሚገጠመው። ከቱርቦው በፊት አትግጠሙት። ለ4.9 የጭሱ ሙቀት ያለማቋረጥ ከ930 ዲግሪ እንዳያልፍ ነው የሚባለው፣ ከቱርቦ በፊት ደግሞ ሙቀቱም ግፊቱም ይበረታል፣ ግፊቱ ራሱ ንባቡን ያዛባል። ከቱርቦው 60 ሳንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ ራቅ አድርጉት። ሶኬቱንም ቆርጣችሁ በሌላ አትቀጥሉት፤ የሴንሰሩ ማስተካከያ ሬዚስተር ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ሳልረሳው፣ ካታሊስቱን (ጭሱን የሚያጣራውን) አውልቃችሁ ፒ0420 የሚባለው የብልሽት ኮድ ሲመጣ ከእሱ በኋላ ያለውን ሴንሰር የምትቀይሩ ሰዎች፣ ያ ኮድ ካታሊስቱ ሥራውን አይሠራም ነው የሚለው። እውነቱን ነው፣ የለማ! አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ማውለቁ ራሱ ሕገወጥ ነው።

በእርግጥ ሴንሰርም ይሞታል። ግን መሞቱን አረጋግጡ። መጀመሪያ ፊውዝና የማሞቂያው መስመር ላይ ቮልቴጅ መኖሩን በቴስተር እዩ። ከዚያ ሴንሰሩን ፈትታችሁ ንጹሕ አየር ላይ ያዙትና ያንብብ። አየር ውስጥ 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅን አለ፤ ጤነኛ ከሆነ መለኪያው እስከ ሊን ጥግ ይሄዳል።

ልጁ ሁለተኛውን ሴንሰር አልጣለውም ነበር፣ ከመኪናው ኮፈን አወጣው። ሳምንት ሳይሞላው «ሁልጊዜ ሊን ይላል» ተብሎ የተቀየረ ነው። ሰክቼ አየር ላይ ያዝኩት። ደህና ነው። ሊን ያሰኘው ከሴንሰሩ በፊት ያለው የጭስ ማውጫ መጋጠሚያ ነበር፣ ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ዙሪያው ጠቁሯል። ጓርኒሲዮኑን ቀየርኩ፣ ማብሪያ ማጥፊያዋን ቆርጬ መስመሩን ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ኃይል እንዲያገኝ አደረግኩ፣ ሁለተኛውን ሴንሰር መልሼ ገጠምኩለት። አሁን የሚነዳው በእሱ ነው። ፍስስስ የሚለውን ቫልቭ ግን አልፈታም ብሎኛል።