ፈንገስ ከባድ ብረትን «ይበላል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ዘይት የፈሰሰበትን አፈር የሚያጸዱ ረቂቅ ተሕዋስያን ዘይቱን ሰባብረው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይለውጡታል። እርሳስና ካድሚየም ግን ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ የትኛውም ሻጋታ ሰባብሮ አያጠፋቸውም። ፈንገሱ የሚያደርገው ብረቱን ከውሃው ነጥሎ መያዝ ብቻ ነው።

አያያዙ ሁለት ዓይነት ነው፤ ብዙ ሰው የሚያምታታውም እዚህ ላይ ነው። ባዮአኪዩሙሌሽን በሕይወት ያለ ፈንገስ ብረቱን ወደ ሕዋሱ ሲያስገባ ነው፤ ምግብ ይፈልጋል፣ ቀናት ይወስዳል፣ መርዙ ከበዛም ፈንገሱ ራሱ ይሞታል። ለባዮሶርፕሽን ግን የሞተ ፈንገስም ይበቃል፤ በሕዋሱ ግድግዳ ያሉት ካይቲንና ካይቶሳን የተባሉ ጠንካራ ውሁዶች ብረቱን ላያቸው ላይ ይይዙታል፣ አብዛኛውም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ለፍሳሽ ማጣሪያ የሚያዋጣው ይኸኛው ነው። ሲትሪክ አሲድ ከሚያመርቱ ፋብሪካዎች የሚተርፈው አስፐርጊለስ ናይጀር የተባለ ጥቁር ሻጋታ ታጥቦ፣ በ60 ዲግሪ ገደማ ደርቆና ተፈጭቶ ያገለግላል።

ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በፒኤች፣ ማለትም በውሃው የአሲድነት መለኪያ ነው (ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል)። እርሳስ፣ መዳብና ካድሚየም በደንብ የሚያዙት ከ4 እስከ 6 ባለው ነው። ከ3 በታች ሲወርድ ሃይድሮጅን ቦታቸውን ይሻማል፤ በጣም ከፍ ሲል ደግሞ ብረቱ በራሱ ጊዜ ይዘቅጥና ፈንገሱ የሠራ ያስመስላል። ክሮሚየም 6 (መርዛማው የክሮሚየም ዓይነት) በተቃራኒው 2 አካባቢ ይሻለዋል፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ በርሜል ልያዝ ማለት አያዛልቅም።

ብረት የጠገበው ዱቄት አደገኛ ቆሻሻ ነው፤ ለማዳበሪያ አይሆንም። በቀጠነ (0.1 ሞላር) ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲታጠብ ብረቱን ይለቅና ዳግም ይሠራል፤ አቅሙ ግን በየዙሩ ይቀንሳል። ደቃቁን ዱቄት እንዳለ ቱቦ ውስጥ መሙላትም ችግር አለው፦ ይጠቀጠቅና ውሃ አላሳልፍ ይላል። በካልሲየም አልጂኔት (ከባሕር አረም በሚገኝ ዝልግልግ ማያያዣ) እንክብል ማድረግ ይሻላል።