ኤችፒቪ፣ ትዳርና የመሐል አዲስ አበባ መመርመሪያ ክፍሎች

ኤችፒቪ፣ በሙሉ ስሙ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአማርኛ የራሱ ስም የለውም። ሰዉ ወይ "የማህጸን በር ካንሰር ቫይረስ" ይለዋል፣ ወይ "ኪንታሮት"። የመጀመሪያው ሰው ያስደነግጣል። ሁለተኛው ያምታታል፤ የፊንጢጣውንም፣ እጅ ላይ የሚወጣውንም፣ ብልት ላይ የሚታየውንም ኪንታሮት ነው የምንለው። የፊንጢጣው የደም ሥር እብጠት ስለሆነ ከቫይረሱ ጋር አይገናኝም። ሌሎቹን የሚያመጣው ግን ይኸው የቫይረስ ቤተሰብ ነው።

ከ200 በላይ ዓይነት አለው። ወደ 40 የሚሆኑት የብልት አካባቢን ይይዛሉ። ቁጥር 6 እና 11 አብዛኛውን የብልት ኪንታሮት ያመጣሉ፣ ካንሰር ግን አያመጡም። 16 እና 18 ከማህጸን በር ካንሰር 70 በመቶ ለሚሆነው ተጠያቂ ናቸው። ይህን ግንኙነት ያሳየው ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሃውዘን ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል።

የሚተላለፈው በቆዳ ንክኪ ነው፣ በዋናነት በግብረ ሥጋ ግንኙነት ጊዜ። በደም አይተላለፍም። የወሲብ ሕይወት ያለው ሰው አብዛኛው በዕድሜው አንድ ጊዜ ይይዘዋል፣ ሳያውቀውም ያልፋል። ከያዛቸው ከ10 ሰዎች በ9ኙ ሰውነት በ2 ዓመት ውስጥ ይቆጣጠረዋል። ጨርሶ ይጠፋል ወይስ ተደብቆ ይቀመጣል በሚለው ባለሙያዎች አሁንም ይከራከራሉ። ለባልና ሚስት ዋናው ቁም ነገር ግን አያከራክርም፤ ዛሬ የታየ ቫይረስ ከዓመታት በፊት የገባ ሊሆን ይችላል።

በአዲስ አበባ የማህጸን በር ካንሰር ምርመራ የቀደመው ጊዜ ታሪክ አጭር ነው፤ ሴቶች የሚመጡት ደም ሲፈሳቸው ነበር፣ የሚላኩትም ጥቁር አንበሳ ነበር። ያ ሆስፒታል ጅማና ሐረማያ እስኪጀምሩ ድረስ ለዓመታት የአገሪቱን የጨረር ሕክምና ብቻውን ተሸክሟል። እዚያ ያሉ ሰዎች የሠሩትን ሥራ ማንም በቂ አድርጎ አልጻፈውም።

ነገሩን የለወጠው ቪአይኤ የሚባለው፣ የማህጸን በርን አሲድ ነክቶ በዓይን የማየት ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 አካባቢ ጀምሮ መጀመሪያ ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሴቶች፣ ቀስ በቀስም ለሌሎች ተስፋፋ። ዛሬ አራዳ፣ ቂርቆስና ልደታ ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው፤ ኤችአይቪ ያለባቸው ቀደም ብለው ይጀምራሉ።

እኔ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በዚህ ምርመራ ክፍል ለዓመታት ስለሠራሁ ይህን ታሪክ ማሳጠር አልችልም። ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ መጋረጃ፣ አንድ መብራት። ጥጥ በአሴቲክ አሲድ ይነከርና የማህጸኑ በር ላይ ይደረጋል። ሽታው ያው የአቸቶ ነው፣ ሰላጣ ላይ የምናደርገው። አንድ ደቂቃ ይጠበቃል። ጤነኛው ቦታ እንዳለ ይቀራል፤ የተለወጠው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ለሕክምናው የሚመች ከሆነ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል። ሴትየዋ በእግሯ ትመጣለች፣ በእግሯ ትሄዳለች።

ችግሩ ቃሉ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ "ፖዘቲቭ ነሽ" ከተባለ ሰው የሚሰማው ኤችአይቪ ነው። አንዲት እናት ውጤቷን ስነግራት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሸፍና ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ "ባለቤቴን ምን ልበለው?" አለች። ከዚያ ቀን በኋላ "ፖዘቲቭ" ማለት ትቼ "ለውጥ አይተናል፣ ካንሰር አይደለም፣ ይታከማል" ማለት ጀመርኩ። ቪአይኤ ራሱ ቫይረሱን አያይም፣ ለውጡን ነው የሚያየው። ቫይረሱን የሚፈልገው የዲኤንኤ ምርመራ ነው፣ እሱም በአገሪቱ መመሪያ ገብቷል።

ባለቤቷ ምን ይባል? እውነቱ ይነገረው። ውጤቱ ማን ማንን እንደከዳ አይናገርም፣ መቼ እንደገባም አይናገርም። ለወንዶች የሚሰጥ መደበኛ የኤችፒቪ ምርመራ የለም፤ ስለዚህ "አንተም ተመርመር" ብሎ መጨቃጨቅ የትም አያደርስም። አብረው የቆዩ ጥንዶች ቫይረሱን ብዙ ጊዜ አስቀድመው ተጋርተውታል። እሱ ብልቱ ወይም ፊንጢጣው አካባቢ እብጠት ካየ ግን መታየት አለበት። ኪንታሮት በግልጽ እያለ ደግሞ ታክሞ እስኪጠፋ ከግንኙነት መቆጠብ ይሻላል።

ኮንዶም ያግዛል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይከላከልም፤ የማይሸፍነው ቆዳ አለ። ለውጥ ያለባቸው ሴቶች ቶሎ እንዲያገግሙ እንደሚረዳ ያሳየ ጥናትም አለ። አዲስ ጓደኛ ለያዘ ሰው ያለ ጥርጥር ይመከራል። ለዓመታት አብረው ለኖሩ ባለትዳሮች ግን ኤችፒቪ መገኘቱ ብቻውን ኮንዶም ለመጀመር ምክንያት ነው ብዬ አላምንም፣ ሌላ የሚያስቡ ባልደረቦች ቢኖሩኝም። በማቀዝቀዝ ከታከመች በኋላ ያለው ጊዜ የተለየ ነው፤ ለ4 ሳምንት ያህል ግንኙነት ይቅር፣ ካልተቻለ ኮንዶም የግድ ነው። ቁስሉ ሳይድን ኤችአይቪንም ጭምር በቀላሉ ያስገባል። ይህን ለሴቷ ብቻ ነግሮ መሸኘት ዋጋ የለውም፣ ቤት ሄዳ "አይሆንም" ማለት የምትችለው ሁሉም አይደለችም። ስለዚህ ባልየው ውጭ ካለ፣ ፈቃዷን ጠይቀን እናስገባው ነበር።

ሲጋራ ቫይረሱ እንዲቆይ ያግዛል። ኤችአይቪ ያለባት ሴት ለማህጸን በር ካንሰር 6 እጥፍ የተጋለጠች ናት፤ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ መውሰዷ ከዚህም ይጠብቃታል። ኤችአይቪ በሌለባት ሴት ከቫይረሱ እስከ ካንሰር ያለው መንገድ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ነው፤ ለሕክምና ሰፊ ጊዜ አለ ማለት ነው። ቫይረሱ መኖሩ ብቻውን አያመክንም።

የኤችፒቪ ክትባት በመላ አገሪቱ የገባው በ2011 ዓ.ም. ነው፣ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች፣ በሁለት ዙር። በ2017 ወደ አንድ ዙር ተቀይሮ ከ9 እስከ 14 ላሉት ተሰጠ። "ልጄን ያመክናታል" የሚል ወሬ በየመንደሩ ይዞራል፤ ውሸት ነው። ክትባቱ የያዘን ቫይረስ አያድንም፣ ለዚህም ነው በልጅነት የሚሰጠው። ያቺ ነጠላዋን የሸፈነች እናት ከ6 ወር በኋላ ለቀጠሮዋ ስትመጣ የማህጸኗ በር ንጹሕ ነበር። ባለቤቷም አብሯት መጥቶ ነበር፤ የጠየቀኝም የ9 ዓመት ልጃቸው የት እንደምትከተብ ነው።